እውነተኛ የባሕር ዳርቻዎች የምሥጢራዊ ልብ ወለድ መቼት የሚሆኑት እንዴት ነው?

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨን አውራጃ ጠረፍ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ደሴት፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ የየብስ አካል የምትሆን ትንሽ መሬት አለች። በርግ ደሴት ትባላለች። ባሕሩ ሲጎድል ከየብሱ የሚለያት 250 ሜትር ገደማ የሆነ አሸዋ ብቻ ስለሆነ በእግር ይደረስባታል። ባሕሩ ሲሞላ ግን መንገዱ ከውኃ በታች ይውላል። ያን ጊዜ እንግዶችን የሚያሻግረው መንኮራኩሮቹ በውኃ ውስጥ፣ የተሳፋሪዎቹ መድረክ ደግሞ ከማዕበሉ በላይ የሆነ ልዩ ትራክተር ነው።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በ1930ዎቹ በዚህች ደሴት ሆቴል በእንግድነት ትቆይ ነበር። ሌሎች እንግዶች ፀሐይ ሲሞቁና ሲዋኙ እርሷ የተመለከተችው ሌላ ነገር ነው። መንገዱ የሚዘጋበት ሰዓት አስቀድሞ ይታወቃል። የገባና የወጣ ሰው ይቆጠራል። ከአንዱ የባሕር ጥግ ቆሞ ሌላውን ማየት አይቻልም። ይህች ደሴት የክሪስቲን ሁለት ታዋቂ ልብ ወለዶች አስገኝታለች።

ከዚያ ወዲህ ከሜይን እስከ ካሪቢያን፣ ከስዊድን እስከ ዛንዚባር፣ እውነተኛ የባሕር ዳርቻዎች የልብ ወለድ ግድያ ሲፈጸምባቸውና ምሥጢሩ ሲፈታባቸው ኖሯል። ለመሆኑ ደራስያን እውነተኛን ቦታ ወስደው ምን ያደርጉታል? ስሙንስ ለምን ይለውጡታል? ቦታውና ነዋሪው ከታሪኩ ምን ያተርፋሉ? ምንስ ይከፍላሉ? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኮዚ ሚስትሪ» ምንድን ነው?

በእንግሊዝኛ «ኮዚ ሚስትሪ» የሚባለው የወንጀል ልብ ወለድ ዘርፍ ስሙን ያገኘው ሙቀትንና ምቾትን ከሚያመለክት ቃል ነው። በዝናብ ቀን ብርድ ልብስ ተደርቦ፣ ትኩስ ነገር እየተጠጣ የሚነበብ ዓይነት ታሪክ ነው።

ግድያ አለበት፤ ነገር ግን ግድያው የሚፈጸመው ከአንባቢው ዓይን ተሰውሮ ነው። ደምና ሥቃይ በዝርዝር አይነገርም። መርማሪው ብዙውን ጊዜ ፖሊስ አይደለም። ጡረታ የወጣች መምህርት፣ የመጻሕፍት መደብር ባለቤት ወይም ጎረቤቶቿን ጠንቅቃ የምታውቅ አሮጊት ልትሆን ትችላለች። ታሪኩ የሚካሄደው ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ፍንጮቹ ለአንባቢውም ለመርማሪውም እኩል ይቀርባሉ። በመጨረሻ ገዳዩ ይታወቃል፤ የተናጋው ሰላምም ይመለሳል።

ስያሜው ከዘርፉ መነሻ በኋላ የመጣ ነው። ሥሩ ግን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበረው ዘመን የተተከለ ሲሆን፣ ከቀዳሚዎቹ ደራስያን መካከል ክሪስቲ ትገኝበታለች። ባሏ የሞተባትን፣ ግራ የገባውን፣ ከጦርነት የተመለሰውን አንባቢ የማረከው ይኸው ተስፋ ነበር፦ ክፋት ምንጩ ይታወቃል፣ ሥርዓትም ይመለሳል።

ለምን የባሕር ዳርቻ?

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ምሁራን የታሪክን ጊዜና ቦታ «መቼት» በሚል አንድ ቃል ይጠሩታል። ቃሉ «መቼ»ንና «የት»ን ያጣመረ ነው። ባሕር ዳርቻ የምሥጢር ጸሐፊን የሚስበው፣ በዚያ ሥፍራ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በእርግጥም የማይነጣጠሉ በመሆናቸው ነው። አንድ ሰው በሦስት ሰዓት የቆመበት አሸዋ በዘጠኝ ሰዓት የባሕር ወለል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የት ነበርክ?» የሚለው የመርማሪ ጥያቄ «መቼ?» የሚለውን ሳያስከትል አይመለስም።

ባሕሩ የሚሞላውና የሚጎድለው በዋናነት በጨረቃ ስበት፣ በከፊልም በፀሐይ ስበት ነው። በአብዛኞቹ ጠረፎች አንዱ ሙላት ከሌላው የሚርቀው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ዓሣ አጥማጁ ይህን በልቡ ያውቀዋል። ከከተማ የመጣው እንግዳ ግን አያውቀውም። በዚህ የእውቀት ልዩነት ላይ ብቻ አንድ ሙሉ የምርመራ ታሪክ መገንባት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰዎች ስብጥር ነው። ተራራ ላይ ባለች መንደር ፀጉረ ልውጥ ሰው ወዲያውኑ ይታወቃል፤ «ለምን መጣ?» መባሉም አይቀርም። በባሕር ዳርቻ ከተማ ግን እንግዳ መምጣቱ የተለመደ ነው። መዝናኛ ፈላጊ፣ መርከበኛ፣ ነጋዴ፣ ሠዓሊ፣ ከሐኪሙ «ንጹሕ አየር ያስፈልግሃል» የተባለ ታማሚ ሁሉ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይገባል። በሌላ በኩል ወደቡን፣ የዓሣ ገበያውንና መሸታ ቤቱን የሚያንቀሳቅሱት ትውልድ ለትውልድ የሚተዋወቁ ነዋሪዎች ናቸው። ሁሉን የሚያውቅ ነዋሪና ማንም የማያውቀው እንግዳ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ጥርጣሬ ራሱ ይወለዳል።

ሦስተኛው ባሕሩ ራሱ ነው። ማስረጃ ይወስዳል፤ ተወስዶ ጠፋ የተባለውንም ከቀናት በኋላ መልሶ ያወጣል። ጭጋግ ያለብሳል፤ ጀልባ ያስቀራል። በጥንት ዘመን የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ይጠቀሙባቸው ስለነበሩ ዋሻዎችና የምሥጢር መተላለፊያዎች የማይወራበት ጠረፍም ጥቂት ነው።

አንዲት ደሴት፣ ሁለት ልብ ወለዶች

በርግ ደሴት ለዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ ናት። በአናቷ ላይ ዓሣ ጠባቂዎች የሰርዲን መንጋ ሲቃረብ አይተው ለመንደሩ ይጮኹበት የነበረ ጎጆ ፍርስራሽ አለ። ታች በአሸዋው ዳር፣ ታሪኩን እስከ 1336 የሚቆጥር መሸታ ቤት ይገኛል። በ1929 ደግሞ በዘመኑ ፋሽን የነበረውን የአርት ዲኮ የኪነ ሕንፃ ስልት የተከተለ ነጭ ሆቴል ተሠራባት። የደሴቲቱ ባለቤት የነበረው አርቺባልድ ኔትልፎልድ ያሠራው ይህ ሆቴል የለንደን ባለጠጎችና የጥበብ ሰዎች መናኸሪያ ሆነ።

ክሪስቲ ከዚህች መሬት በመጀመሪያ የወሰደችው መነጠልን ነው። በ1939 የታተመውና «ከዚያም አንድም አልቀረም» የሚል ትርጉም ያለው ልብ ወለዷ፣ አሥር ሰዎችን በዴቨን ጠረፍ ወደምትገኝ ደሴት ይጋብዛል። ጋባዡ የለም። ማዕበሉ ይነሣል፤ ጀልባው አይመጣም፤ እንግዶቹ አንድ በአንድ መሞት ይጀምራሉ። ልብ በሉ፤ በእውነተኛዋ ደሴት ባሕሩ ሲጎድል በእግር መሸሽ ይቻላል። ለዚህ ታሪክ ያ መንገድ እንቅፋት ነው። ስለዚህ ደራሲዋ የአሸዋውን መተላለፊያ አጥፍታ፣ ያለ ጀልባ የማይደረስባት ደሴት ፈጠረች። ምቾት ባለው ቤት ቢጀምርም፣ ይህ መጽሐፍ ከዘርፉ ሥራዎች ሁሉ ጨለማው የከበደ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ መንገድ መልሳ አመጣችው። በ1941 የወጣውና ርእሱ መጽሐፈ መክብብን የሚያስታውሰው «ከፀሐይ በታች ያለ ክፋት»፣ መርማሪው ኤርኩል ፑዋሮ በእረፍት ላይ ሳለ የተፈጸመን ግድያ ይተርካል። በዚህ ታሪክ ደሴቲቱ «የኮንትሮባንዲስቶች ደሴት» ተብላለች። ሆቴሉ አለ፤ በሙላት ጊዜ የሚሸፈነው መተላለፊያም አለ፤ አንዱ ከሌላው የማይታይባቸው ትንንሽ የባሕር ጥጎችም አሉ። ምሥጢሩ በሙሉ የቆመው ማን፣ በየትኛው ጥግ፣ በስንት ሰዓት ነበር በሚለው ስሌት ላይ ነው።

እንግዲህ ደራሲዋ ያየችው አንድ መሬት ነው። ለመጀመሪያው መጽሐፍ የተዘጋ በር አደረገችው፤ ለሁለተኛው ደግሞ በሰዓት የሚከፈትና የሚዘጋ በር። አንድ ደራሲ ቦታን «ተጠቀመ» ሲባል የገጽታውን ውበት ገለጸ ማለት ብቻ አይደለም። የቦታውን አሠራር ተረድቶ የታሪኩ ሞተር አደረገው ማለት ነው። የሁለተኛው መጽሐፍ የ1982 ፊልም መቼቱን ወደ አድሪያቲክ ባሕር አዛውሮ በስፔኗ ማዮርካ ደሴት ሲቀረጽ ታሪኩ ያልፈረሰውም ለዚህ ነው፤ የተደበቁት የባሕር ጥጎች እዚያም ስለነበሩ። በ2001 ግን የቴሌቪዥኑ ፑዋሮ ታሪኩን ወደ ተወለደበት ወደ በርግ ደሴት መልሶታል።

ስም መለወጥ፦ ነፃነትም ኃላፊነትም

አጋታ ክሪስቲ የተወለደችው በ1890 በዚያው በዴቨን፣ ቶርኪ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በከተማዋ በሚገኝ የቁስለኞች ሆስፒታል በመድኃኒት ክፍል ሠርታለች፤ ስለ መርዝ ያላትን እውቀት የቀሰመችው በዚያ ነው። ጦርነቱን ሸሽተው ወደ ከተማዋ የመጡ የቤልጂግ ስደተኞች ደግሞ ቤልጂጋዊውን መርማሪ ፑዋሮን እንድትፈጥር ምክንያት ሆነዋል።

በ1932 በታተመው «በኤንድ ሃውስ ያንዣበበ አደጋ» ውስጥ ፑዋሮ ያረፈው በኮርንዎል ጠረፍ ባለች «ሴንት ሉ» በተባለች ከተማ፣ «ማጀስቲክ» በተባለ ሆቴል ነው። በካርታ ላይ ሴንት ሉን የሚፈልግ አያገኛትም። ቶርኪን የሚያውቅ ግን ባሕሩን ቁልቁል የሚያየውን የከተማዋን ታዋቂ ሆቴል፣ ኢምፔሪያልን፣ ወዲያውኑ ይለየዋል። ክሪስቲ የትውልድ ከተማዋን ስም ቀይራ ወደ ጎረቤት አውራጃ አዛወረቻት።

እንዲህ ያለው ለውጥ ለደራሲ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛው ነፃነት ነው፤ መንገድ ማጠፍ፣ ዋሻ መጨመር፣ ጣቢያውን ማራቅ ይቻላል። «እዚያ ጋር እንዲህ ያለ በር የለም» የሚል አንባቢም አይነሣም። ሁለተኛው ጥንቃቄ ነው። በትንሽ ከተማ አንድ ሐኪም፣ አንድ የሆቴል አስተዳዳሪ፣ አንድ ቄስ ብቻ ሊኖር ይችላል። የከተማዋ ስም ከነፍሰ ገዳዩ ሐኪም ጋር ከተጻፈ እውነተኛው ሐኪም በሰው አፍ ይገባል። ስሙ ሲለወጥ መሬቱ ይቀራል፤ ሰዎቹ ግን ይጠበቃሉ።

በ1938 ክሪስቲ ከቶርኪ ብዙም በማይርቅ ሥፍራ፣ ዳርት ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አቅራቢያ፣ ግሪንዌይ የተባለውን ቤት ከነግቢው በ6,000 ፓውንድ ገዛች። ይህንን ቤትም ለታሪክ አዋለችው። በ1942 በወጣው «አምስት ትንንሽ ዐሣሞች» ውስጥ ሠዓሊው የሚሞትበት ሥፍራ ወንዙን ቁልቁል ከሚያየው የግሪንዌይ አሮጌ የመድፍ ምሽግ የተቀዳ ነው። በ1956 በታተመው «ዴድ ማንስ ፎሊ» ደግሞ አስከሬን የተገኘበት የጀልባ ማስቀመጫ ቤት ዛሬም በወንዙ ዳር ቆሞ ይታያል። በመጻሕፍቱ ውስጥ ግን «ግሪንዌይ» የሚል ስም የለም። ደራሲዋ የገዛ ቤቷን እንኳ በሌላ ስም ነው የጠራችው።

ሁልጊዜ ግን ስም አትለውጥም ነበር። በ1936 በታተመው «የኤ ቢ ሲ ግድያዎች» ውስጥ ገዳዩ ከተሞችን የሚመርጠው በፊደል ተራ ስለሆነ እውነተኛ ስሞች ግድ ነበሩ። የባሕር ዳርቻዋ ቤክስሂል እና ለቶርኪ ቅርብ የሆነችው ቸርስተን በስማቸው ተጠቅሰዋል። በዚህ ታሪክ የሚፈለገው ማንኛውም ከተማ ሊደርስበት የሚችል ፍርሃት በመሆኑ፣ አንባቢው የሚያውቀው ስም መጠራቱ ፍርሃቱን እውነተኛ ያደርገዋል።

ስዊድናዊቷ ካሚላ ሌክቤሪ በዚሁ መንገድ ሄዳ ልብ ወለዶቿን ያሰፈረችው በተወለደችበት ከተማ፣ በፊየልባካ፣ በእውነተኛ ስሙ ነው። ሥራዎቿ ከ«ኮዚ» ይልቅ ጠጠር ያሉ ናቸው። ቋሚ ነዋሪዎቿ ከአንድ ሺህ የማይበልጡ የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረችው ፊየልባካ፣ ከ2003 ጀምሮ በወጡት በእነዚህ መጻሕፍት ምክንያት በብዙ አገር አንባቢዎች ዘንድ የግድያ ከተማ ሆና ትታወቃለች።

በአንድ ቦታ ተጽፎ በሌላ ቦታ የሚቀረጽ

ታሪኩ ወደ ቴሌቪዥን ሲሸጋገር ጉዳዩ ይወሳሰባል። ከ1984 እስከ 1996 በ264 ክፍሎች የተላለፈው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ «መርደር ሺ ሮት» የሚካሄደው በከፊል ካቦት ኮቭ በተባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። አንጄላ ላንስበሪ የተጫወተችው ገጸ ባሕርይ፣ ጄሲካ ፍሌቸር፣ ጡረታ የወጣች መምህርትና የምሥጢር ልብ ወለድ ደራሲ ናት።

ካቦት ኮቭ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሜይን ግዛት እንዳለች ይነገራል፤ በእውነት ግን የለችም። የከተማዋ የውጭ ገጽታ የተቀረጸው ከሜይን አገር አቋርጦ በሌላው ውቅያኖስ ዳር፣ በሰሜን ካሊፎርኒያዋ ሜንዶሲኖ ነው። ተመልካቹ ልዩነቱን ያላወቀበት ታሪካዊ ምክንያት አለ። ሜንዶሲኖን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለእንጨት ሥራ መጥተው የቆረቆሯት ሰዎች ብዙዎቹ ከሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የመጡ ስለነበሩ፣ ቤቶቻቸውን የሠሩት የትውልድ አገራቸውን አስመስለው ነው። የስደተኛ ናፍቆት የሠራው ቤት ከመቶ ዓመት በኋላ ለቴሌቪዥን ሌላ አገር መስሎ ታየ።

ካቦት ኮቭ አንድ ቀልድም አትርፋለች። በአንዲት ትንሽ ከተማ ይህን ያህል ግድያ ከተፈጸመ እንዴት ሰው ተረፈባት? ይህ የዘርፉ ሁሉ ችግር ነው። ታሪኩ የሚወደደው መንደሩ ሰላማዊ በመሆኑ ነው፤ ተከታታይ ሆኖ እንዲቀጥል ግን ሰላሙ በየሳምንቱ መደፍረስ አለበት። የድራማው ጸሐፊዎች ጄሲካን በየጊዜው ወደ ሌላ ከተማ በመላክ ችግሩን ለማቃለል ሞክረዋል።

ከ2011 ጀምሮ በቢቢሲ የሚተላለፈው «ዴዝ ኢን ፓራዳይስ» ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። «ሴንት ማሪ» የተባለችው የካሪቢያን ደሴት ፈጠራ ናት። የሚቀረጸው በፈረንሳይ ሥር በምትተዳደረው ጓዴሎፕ፣ ዴሄ በተባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። በድራማው ውስጥ ደሴቷ የብሪታንያ ግዛት ስትሆን፣ በእውነቱ ነዋሪዎቹ የፈረንሳይ ዜጎች ናቸው። እዚህ ላይ የተለወጠው ስም ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡ ታሪክም ጭምር ነው። ስም መለወጥ ነዋሪን ሊጠብቅ እንደሚችል ሁሉ ሊሰውረውም እንደሚችል ያሳያል።

ዛንዚባር፦ አንድ ደሴት በሁለት ዓይን

ይህ ልዩነት ከየትም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በእኛው ቀጣና፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነው። በስዋሂሊ ጠረፍ እንግዳ የሚመጣው ለዘመናት በነፋስ ወቅት ነበር። ካስካዚ የተባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የዐረብንና የሕንድን የሸራ መርከቦች ወደ ዛንዚባር፣ ሞምባሳና ላሙ ያመጣል፤ ኩሲ የተባለው የደቡብ ነፋስ ደግሞ ይመልሳቸዋል። እንግሊዝ ጠረፍ ላይ የበጋ እረፍት የሚሠራውን ሥራ፣ ማለትም ነዋሪንና እንግዳን ማገናኘትን፣ እዚህ የሚሠራው ነፋሱ ነው።

በ1959 ኤም ኤም ኬይ የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ ዛንዚባርን መቼት ያደረገ ምሥጢራዊ ልብ ወለድ አሳተመች። መጽሐፉ መጀመሪያ «የጥላ ቤት» የሚል ርእስ ነበረው፤ በኋላ «ሞት በዛንዚባር» ተብሎ ታወቀ። ደራሲዋ በሕንድ የተወለደች፣ የጦር መኮንን ከነበረው ባለቤቷ ጋር ከአገር አገር የተዘዋወረች ሴት ነበረች። በምትደርስበት አገርም ተመሳሳይ ልብ ወለድ ትጽፍ ነበር፤ ኬንያንና ቆጵሮስን መቼት ያደረጉ መጻሕፍትም አሏት።

በመጽሐፏ አንዲት ወጣት በባሕር ዳር ወዳለው የእንጀራ አባቷ ቤት ለመሄድ ከለንደን ትነሣለች። አብረዋት የሚጓዙትና በትልቁ ቤት የሚሰባሰቡት እንግዶች ተጠርጣሪዎች ይሆናሉ። የዘርፉ ሕግ ሁሉ ተሟልቷል፦ የተዘጋ ክበብ፣ ውብ ቤት፣ የአትክልት ሥፍራ፣ የባሕር ሽታ። ዛንዚባር ግን በአመዛኙ መልክዓ ምድር ናት። ምሥጢሩ የእንግዶቹ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የዛንዚባር ተወላጅ ስለዚያችው ደሴት ሌላ ምሥጢር ጽፎ ነበር። ሙሐመድ ሰይድ አብዱላ በመጀመሪያ የሕዝብ ጤና ተቆጣጣሪ፣ ኋላም ጋዜጠኛ ነበር። በስዋሂሊ የጻፈው «ምዚሙ ዋ ዋቱ ዋ ካሌ»፣ ማለትም የጥንት አባቶች መንፈስ ያለበት ሥፍራ፣ የምሥራቅ አፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ቢሮ በ1957 እና 58 ባካሄደው የስዋሂሊ ድርሰት ውድድር አንደኛ ወጣ። በ1960ም ታተመ። በስዋሂሊ ቋንቋ የምርመራ ልብ ወለድ ፈር ቀዳጅ ተደርጎ ይቆጠራል።

የአብዱላ መርማሪ ቡዋና ምሳ ይባላል። ፒፓ ያጨሳል፤ ነገሮችን በጥሞና ያስተውላል፤ ናጁም የተባለ ወዳጅም አለው። ሼርሎክ ሆምስን የሚያውቅ አንባቢ ዝምድናውን አይስተውም። ምሥጢሩ ግን የተፈተለው ከደሴቲቱ ነው። አስከሬኑ የሚገኘው ሰዎች በሚፈሩትና በሚያከብሩት የአባቶች ሥፍራ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ገዳዩ ማነው?» ከሚለው ይሰፋል፦ ገዳዩ መንፈስ ነው ወይስ ሰው? ቡዋና ምሳ በማስተዋልና በማመዛዘን የሰውን እጅ ይፈልጋል።

ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ዓመት ልዩነት ስለ አንድ ደሴት የወጡ ናቸው። ለኬይ ዛንዚባር የሚደረስባት ቦታ ናት፤ ለአብዱላ የሚኖርባት። በአንዱ ባሕሩ ከመስኮት የሚታይ ውበት ነው፤ በሌላው ቤተሰብ፣ ርስት፣ እምነትና ሐሜት የምሥጢሩ ክሮች ናቸው። አንዱ ከሌላው ያንሳል ለማለት አይደለም። ኬይ ጎበዝ ተራኪ ናት፤ መጽሐፏም ለዐሥርት ዓመታት ተነቧል። ነገር ግን በርግ ደሴትን ሁለት ልብ ወለድ ያደረጋት ክሪስቲ የዚያው ጠረፍ ልጅ እንደነበረች ማስታወስ ይገባል። ማን በየትኛው በር እንደሚገባና በየትኛው መስኮት እንደሚያይ የሚያውቀው ነዋሪ ነው።

ዛንዚባር በታኅሣሥ 1963 ነፃነቷን አገኘች፤ በጥር 1964 ደግሞ አብዮት ሱልጣኑን ከሥልጣን አስወገደ። ሁለቱም መጻሕፍት የሚያሳዩት ማኅበራዊ ሥርዓት ብዙም ሳይቆይ ተለወጠ። አብዱላ ግን ቡዋና ምሳን ይዞ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ሌሎች ልብ ወለዶችን ጽፏል።

ቦታው ምን ያተርፋል? ምንስ ይከፍላል?

ትርፉ በዓይን ይታያል። ቶርኪ በየዓመቱ መስከረም፣ በክሪስቲ ልደት ሰሞን፣ በስሟ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። ግሪንዌይ በ2000 ለእንግሊዝ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ለናሽናል ትረስት ተሰጥቶ ከ2009 ጀምሮ ቤቱ ለጎብኚዎች ክፍት ሆኗል። የበርግ ደሴት ሆቴል የክሪስቲን ስም የእንግዳ መሳቢያ አድርጎታል። በፊየልባካ አስጎብኚዎች ልብ ወለዱ ግድያ «የተፈጸመባቸውን» ሥፍራዎች እያዞሩ ያሳያሉ፤ በሜንዶሲኖ የጄሲካ ፍሌቸር ቤት ሆኖ የታየው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤት እንግዳ ማረፊያ ነው።

ልብ ወለድ ቅርስንም ሊያተርፍ ይችላል። ክሪስቲ የተወለደችበት የቶርኪ ቤት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈርሷል። ግሪንዌይ ግን በታሪኮቿ አማካይነት በአንባቢ ልብ ስለገባ፣ የጀልባ ማስቀመጫው ሳይቀር ተጠብቆ ቆይቷል።

ዋጋው ግን ቶሎ አይታይም። የ«ኮዚ» ታሪክ የሚቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ መንደሩ በሰው የተሞላ ነው። ምሽት ላይ የጎረቤት መብራት ያለወትሮው መጥፋቱን የሚያስተውል ሌላ ጎረቤት አለ። ዛሬ በብዙ የእንግሊዝ ጠረፍ መንደሮች ይህ ግምት እየከሸፈ ነው። ውበታቸው የሳባቸው ባለሀብቶች ቤቶቹን ለእረፍት ጊዜ ስለሚገዟቸው ዋጋው ከነዋሪው አቅም በላይ ይሆናል፤ በክረምትም መስኮቶቹ ይጨልማሉ። በኮርንዎል የምትገኘው ሴንት አይቭስ በ2016 ባካሄደችው ሕዝበ ውሳኔ፣ አዲስ የሚሠሩ ቤቶች የቋሚ ነዋሪዎች ብቻ እንዲሆኑ የደገፈችው ለዚህ ነው። ለዚህ ልብ ወለድን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ነገር ግን አንባቢው የናፈቀው ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት መንደር፣ በናፋቂዎቹ ብዛት ነዋሪ እያጣ መሆኑ ልብ ይነካል።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከ«ገዳዩ ማነው?» ቀጥሎ ሁለት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ያተርፋል። አንደኛው፦ በዚህ ታሪክ ቦታው ምን ይሠራል? መተላለፊያው፣ ነፋሱ ወይም የባሕሩ ሰዓት ቢወጣ ታሪኩ ይቆማል? ከቆመ ቦታው ጌጥ ብቻ ነበር። ሁለተኛው፦ በታሪኩ ውስጥ ነዋሪው የት አለ? ሻይ ከማቅረብና ጀልባ ከመቅዘፍ ያለፈ ሚና አለው?

ከምፅዋ እስከ በርበራ፣ ከላሙ እስከ ኪልዋ የተዘረጋው ጠረፍ የባሕሩን ሰዓት በልባቸው የሚያውቁ፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ የሚያስተውሉ ዓሣ አጥማጆች፣ ነጋዴዎችና አሮጊቶች አሉት። ለምርመራ ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጃቸው ነው። አብዱላ ከስልሳ ዓመታት በፊት ያሳየው ይህንኑ ነበር። ምሥጢሩን ለመፍታት ከሩቅ የሚመጣ መርማሪ ግድ አይደለም፤ እዚያው የኖረና ዓይኑን የገለጠ ሰው ይበቃል።